ሳሙኤል ጎባት እና ወደ ሀገራችን የላካቸው ሰዎች



ባለፈው ሰሞን በማታው ክፍል አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ እሺ ተማርን እንበል፤ ከዚያ ማን ይወስደናል? የትስ እንመደባለን?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሳልጨርስ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ አፌን ሞልቼ የምመልሰው አልነበረኝም። ወደ ካርቲየ 6 ወደ ቤቴ ስመለስ ጥያቄው አብሮኝ ገባ። ስለዚህ በዚህ እትም ዕድሜውን ሁሉ ሰዎችን በማሠልጠንና ለሥራ በመላክ ያሳለፈ፣ ከሀገራችንም ጋር የተሳሰረ አንድ ሰው ሕይወት ላጫውታችሁ ወደድኩ። ስሙ ሳሙኤል ጎባት ይባላል።

ከእናንተ መካከል ክርስቲያንም ሙስሊምም አላችሁ። ይህን የምጽፈው ሃይማኖት ለመስበክ አይደለም። ሰው እንዴት ለሥራ እንደሚዘጋጅ፣ ተዘጋጅቶም ያላሰበው ቦታ ሲጣል ምን እንደሚሆን እንድትመለከቱ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የምታገኟቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የገጠሩ ልጅ

ሳሙኤል ጎባት ጃንዋሪ 26 ቀን 1799 በስዊዘርላንድ ተራሮች ውስጥ ክሬሚን በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። የአፍ መፍቻ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር። በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር የሚባል ድርጅት ተመሠረተ። ይህ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ማለትም የአንግሊካን ሰዎች ያቋቋሙት ማኅበር ሲሆን፣ ወደ አፍሪካና ወደ ምሥራቅ አስተማሪዎችን ለመላክ የታሰበ ነበር።

ማኅበሩ ገንዘብ ቢኖረውም ሰው አጣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ ፈቃደኛ የሚሆን እንግሊዛዊ ቄስ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ በስዊዘርላንድ ከተማ በባዝል ከነበረው የሚሲዮን ትምህርት ቤት የሠለጠኑ ወጣቶችን መቅጠር ጀመረ። ጎባትም በ1821 ወደዚህ ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያም ፓሪስ ሄዶ ዓረብኛ አጠና፤ ለንደን ደግሞ ግዕዝ ተማረ። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የሆነው የኢትዮጵያን ምድር ገና ሳይረግጥ ነው።

የአማርኛው መጽሐፍ

በ1826 ጎባት ግብፅ ደረሰ። ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደው መንገድ ስላልተከፈተ በዚያው ሦስት ዓመት ገደማ ቆየ። ጊዜውን ግን በከንቱ አላባከነም፤ ካይሮ ከሚያገኛቸው ኢትዮጵያውያን አማርኛ ይማር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ሀገር ልጅ ሳላነሳላችሁ አላልፍም። ጎባት ይዞት የመጣው የአማርኛ ወንጌል የአንድ ስደተኛ ኢትዮጵያዊ የእጅ ሥራ ነበር። ይህ ሰው ጎጃም የተወለደው አባ አብርሃም ሲሆን፣ የውጭ አገር መጻሕፍት አቡ ሩሚ ይሉታል። ብዙ አገር ዞሮ በመጨረሻ ካይሮ ላይ ታሞ ወደቀ። አንድ የፈረንሳይ ቆንስላ ባለሥልጣን አስታመመውና፣ ሲድን በሳምንት ሁለት ቀን እየተቀመጡ መጽሐፍ ቅዱስን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወደ አማርኛ መተርጎም ጀመሩ። ሥራው አሥር ዓመት ፈጀ፤ የእጅ ጽሑፉም 9,539 ገጽ ሆነ። አባ አብርሃም በ1819 ካይሮ ውስጥ በወረርሽኝ ሞተ። በዓመቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጽሑፉን በ1,250 ፓውንድ ገዛው። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ ደግሞ በ1840 ታተሙ። እንግዲህ የጎባት ሥራ የቆመው በሰው አገር፣ በሕመም አልጋ አጠገብ በተጀመረ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድካም ላይ ነበር። ይህንን አትርሱ።

ጎንደርና ደብረ ዳሞ

በ1829 መጨረሻ ጎባት ክርስቲያን ኩግለር ከተባለ ጓደኛው ጋር በምጽዋ በኩል ገባ። የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በደግነት ተቀበሏቸው። ኩግለር በትግራይ ሲቀር ጎባት ወደ ጎንደር ወጣ፤ በዚያም ስድስት ወር ያህል ተቀመጠ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበር። ንጉሠ ነገሥት ይባል እንጂ ሥልጣኑ በመሳፍንቱ እጅ ነበር።

የጎባት ጠባይ የታየው እዚህ ነው። ሸንጎ ሰብስቦ አልሰበከም፤ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ጥሉና የእኔን ተከተሉ አላለም። ቤቱ ተቀምጦ የሚመጣውን ሁሉ ያነጋግር ነበር። ደብተራው፣ መነኩሴው፣ ነጋዴው፣ ቤተ እስራኤሉም ይመጣል። ይጠይቁታል፤ እርሱም መጽሐፉን ገልጦ፣ ድምፁን ሳያነሣ ይመልሳል። እጨጌውም ወዳጁ ሆኑ። አሳቡ አዲስ ቤተ ክርስቲያን መትከል ሳይሆን፣ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ እንድታስተምር ማገዝ ነበር።

በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ጳጳስ አልነበራትም። እንደምታውቁት ጳጳሱ የሚመጣው ከእስክንድርያ ነበር፤ አንዱ ሲሞት ሌላው እስኪመጣ ዓመታት ያልፋሉ። ጳጳስ ከሌለ ደግሞ ዲያቆንና ቄስ የሚሾም የለም። ሰዉ ጎባትን በጣም ከመውደዱ የተነሣ አንዳንዶች እርሱ ራሱ አቡን ቢሆንልን እስከማለት ደረሱ። ነገሩ የሚሆን አልነበረም። ይሁንና የአገሪቱ ችግር ምን ያህል ጥልቅ እንደነበር ያሳያል፤ አስተማሪ የሚያፈራና የሚመድብ ራስ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ መከራው ተከታተለ። በ1830 ታኅሣሥ ላይ ኩግለር ለአደን ወጥቶ ጠመንጃው ፈንድቶ ባደረሰበት ቁስል ዓድዋ ውስጥ ሞተ። በ1831 የካቲት በደብረ ዓባይ ጦርነት ደጃዝማች ሰባጋዲስ ተሸንፈው ተገደሉ፤ የተቃዋሚያቸው የራስ ማርዬም ሕይወት በዚያው ጦርነት አለፈ። አገሩ ሲታመስ ጎባት በገመድ ብቻ ወደሚወጣበት ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም ሸሸ፤ ከመነኮሳቱ ጋርም ተጠግቶ ለወራት ኖረ። አያችሁ? ሊያስተምር የመጣው ሰው ራሱ ተፈናቃይ ሆነ። እህልና መጠለያ የሰጡት ሊያስተምራቸው ያሰባቸው ሰዎች ነበሩ።

ወደ አውሮፓ ተመልሶ በ1834 የጉዞ ማስታወሻውን አሳተመ፤ በዚያው ዓመትም ማሪያ ሴለርን አገባ። በ1835 ከሚስቱና ከካርል ኢዘንበርግ ጋር እንደገና ወደ ዓድዋ መጣ። ነገር ግን ሕመም አልጋ ላይ ጣለውና በ1836 ምንም ሳይሠራ አገሩን ለቀቀ። ከዚያ ወዲያ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም።

ካይሮና ታጁራ

ሥራው ግን አልቆመም፤ በሌሎች እጅ ቀጠለ። ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ።

የመጀመሪያው በካይሮ ነው። ያው የእንግሊዝ ማኅበር እዚያ ትምህርት ቤት ነበረው። ከተማሪዎቹ አንዱ እንድርያስ የተባለ ግብፃዊ ወጣት ነበር። በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ፍለጋ መልእክተኛ ሲልኩ የእስክንድርያው ፓትርያርክ የሾሙላቸው ይህንኑ ወጣት ነው። እርሳቸውም በኋላ አፄ ቴዎድሮስን የቀቡት አቡነ ሰላማ ናቸው። በአንድ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ የት እንደሚደርስ ማን ያውቃል?

ሁለተኛው ወደ እኛ ይቀርባል። ከዓድዋ የተባረሩት የጎባት የሥራ ባልደረባ ኢዘንበርግና ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ በ1839 ወደ ሸዋ ለመሄድ ሌላ በር መረጡ። በሩ ታጁራ ነበር። አዎ፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችው፣ ከጅቡቲ ወደብ በጀልባ የምንሻገርባት ታጁራ! ጅቡቲ ከተማ ያኔ ገና አልተቆረቆረችም። ከታጁራ ከግመል ነጋዴዎች ጋር ተነሥተው፣ በአፋር በረሃ አቋርጠው አንኮበር ገቡ። እኛ ወደዚህ የመጣንበትን ሐሩር እነርሱ ወደዚያ ሲሄዱ ቀምሰውታል። ኢዘንበርግ በኋላ የአማርኛ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ለንደን ላይ አሳትሟል።

ጳጳሱ

በ1841 እንግሊዝና ፕሩሲያ የምትባለው የጀርመን መንግሥት ተስማምተው በኢየሩሳሌም አንድ የጋራ ጳጳስ አቋቋሙ። ጳጳሱን በየተራ ይመርጣሉ፤ ሥርዓቱ ግን አንግሊካን ነው። የመጀመሪያው ጳጳስ በ1845 ሲሞት ተራው የፕሩሲያ ነበረና ንጉሡ ጎባትን መረጡ። ጎባት ለብዙ ዓመት የአንግሊካን ማኅበር መልእክተኛ ሆኖ ቢያገለግልም የአንግሊካንን ክህነት የተቀበለው ዘግይቶ ነው። በ1845 ዲያቆን፣ በ1846 ቄስ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ጳጳስ ሆነ። ዕድሜው 47 ነበር።

ኢየሩሳሌም እንደደረሰ የጀመረው ትምህርት ቤት በመክፈት ነው። በ1847 የተከፈተችው ትንሿ ትምህርት ቤት በኋላ በጽዮን ተራራ ላይ ተስፋፍታ በስሙ ተጠራች። በናብሉስ፣ በናዝሬትና በሌሎች ከተሞችም ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። አሠራሩን ላስረዳችሁ። ቄስ ለማፍራት ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ሥራው ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ጎባት ማንበብ የሚችሉ፣ ጠባያቸው የተመሰከረ የአገሩን ተወላጆች መርጦ መጽሐፍ አንባቢዎች አድርጎ ወደ መንደሮች ይልካቸዋል። ክህነት የላቸውም፤ ያነባሉ፣ ያስረዳሉ፣ ልጆች ያስተምራሉ። ከእነርሱ መካከል የተፈተኑት ኋላ ለክህነት ይታጫሉ። በዚህ መንገድ በ1871 ሚካኤል ቃዋርና ሴራፊም ቡታጂ የተባሉ ዓረቦች ለክህነት በቁ።

ይህ አሠራር ነቀፋም አስከትሎበታል። ትምህርት ቤቶቹ ከግሪክ ኦርቶዶክስ ምእመናንን ሳቡ ተብሎ በእንግሊዝ አገር ያሉ አንዳንድ ቀሳውስት ሳይቀሩ ከሰሱት። በ1853 ሊቃነ ጳጳሳቱ ተነሥተው ደገፉት እንጂ ነገሩ ከባድ ነበር። በጎንደር ያለችውን ቤተ ክርስቲያን ማገዝ እንጂ ማፍረስ አልፈልግም ብሎ የተነሣ ሰው፣ በኢየሩሳሌም የሌላውን ቤት ሰው ወሰድክ ተባለ። አሳብና ውጤት ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ እንማራለን።

ለኢትዮጵያውያን ግን አንድ ውለታ ውሏል። በ1838 ወረርሽኝ በኢየሩሳሌም የዴር ሡልጣን መነኮሳቶቻችንን ጨርሷቸው ነበር። የተረፉት ጥቂቶች ገዳማቸውን ሊነጠቁ ሲሆን በ1850ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጎባት መጡ። እርሱም ከእንግሊዙ ቆንስል ጋር ሆኖ ቆመላቸው። ደብረ ዳሞ ላይ የበላውን እንጀራ አልረሳም ማለት ነው።

የተላኩት የእጅ ባለሙያዎች

አሁን ወደ ታሪኩ እምብርት ደረስን።

በባዝል አጠገብ ክሪሾና በሚባል ኮረብታ ላይ በ1840 የተመሠረተ ሌላ ትምህርት ቤት ነበር። እዚያ የሚማሩት አናጢዎች፣ ብረት ሠሪዎችና ግንበኞች ናቸው። ቄስ አይሆኑም። በእጃቸው ሠርተው እየበሉ በኑሯቸው እንዲያስተምሩ የታሰቡ ተራ ምእመናን ናቸው። ጎባትና የትምህርት ቤቱ መሥራች ሽፒትለር አንድ ትልቅ ዕቅድ አወጡ። ከኢየሩሳሌም እስከ ጎንደር በየመንገዱ አሥራ ሁለት ጣቢያ ይቆማል፤ እያንዳንዱም በአንድ ሐዋርያ ስም ይጠራል፤ በእያንዳንዱም የእጅ ባለሙያዎች ይቀመጣሉ። የሐዋርያት መንገድ አሉት። ከዕቅዱ የተፈጸመው ጥቂቱ ብቻ ነው።

በ1855 አፄ ቴዎድሮስ ሲነግሡ ክራፍና ወጣቱ ማርቲን ፍላድ መጥተው ንጉሡን አነጋገሩ። ንጉሡ የእጅ ባለሙያ በጣም ይፈልጉ ነበርና ይምጡ አሉ። በ1856 ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንትስሌን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጭነው ገቡ። ቫልድማየርና ዛልሙለር ኋላ ተከተሉ።

ውድ ተማሪዎች፣ እዚህ ላይ ሁለት አሳብ ተጋጨ። ጎባት የላካቸው መዶሻ የያዙ አስተማሪዎች ይሆናሉ ብሎ ነው። ንጉሡ የተቀበሏቸው ደግሞ መዶሻውን ፈልገው ነው። አገራቸውን አንድ ለማድረግ ይዋጉ የነበሩት ቴዎድሮስ መንገድና መድፍ ያስፈልጋቸው ነበር። ባለሙያዎቹ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሰፈሩ። ትምህርት ቤትም ከፈቱ፤ ወጣቶች ሙያ ተማሩ። ከዚያ መድፍ ሥሩ ተባሉ። አንችልም አሉ። ንጉሡ አልተቀበሏቸውም። ሞከሩ፣ ከሸፈ፤ እንደገና ሞከሩ፣ ተሳካ። በ1867 ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ቀለጠ። ሰላም እንዲያስተምሩ የተላኩ እጆች ትልቅ የጦር መሣሪያ ሠሩ።

መጨረሻውን ታሪክ ክፍል ተምራችሁታል። ከ1863 ጀምሮ ሚሲዮናውያንና የእንግሊዝ ቆንስል ታሰሩ። አቡነ ሰላማም በ1867 በመቅደላ እስር ላይ እንዳሉ አረፉ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መጣ፤ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ ላይ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። የጋፋት ሰዎች ከጦሩ ጋር አገሩን ለቀው ወጡ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ።

ጥፋቱ የማን ነው? ሁሉን በንጉሡ ላይ መጣል ትክክል አይመስለኝም። ጎባት ብልህ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ወጣቶቹን ሲልክ ተቀባዩ ከእነርሱ ምን እንደሚፈልግ በግልጽ አልጨረሰም። አንዱ ወገን መጽሐፍ ያስባል፣ ሌላው ብረት፤ ሁለቱም ዝም ብለው ተስማሙ። በዝምታ የተፈረመ ውል ደግሞ ዕዳው የሚወድቀው በመሐል ባለው ሠራተኛ ላይ ነው። ከእናንተም ሥራ ፍለጋ ቀይ ባሕርን ለመሻገር የምታስቡ አላችሁ። ማን እንደሚልካችሁ ብቻ ሳይሆን፣ ተቀባዩ ምን ሊያሠራችሁ እንዳሰበ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዘሩና ፍሬው

ጎባት በኢየሩሳሌም 33 ዓመት ያህል በጳጳስነት ኖሮ ሜይ 11 ቀን 1879 ሞተ። ሚስቱ ማሪያም በዚያው ዓመት ተከተለችው። ሁለቱም በጽዮን ተራራ ተቀብረዋል።

ሲሞት የኢትዮጵያ ሥራው የከሸፈ ይመስል ነበር። ግን ሙሉ በሙሉ አልከሸፈም። በፍላድ እጅ ያደገው ኢትዮጵያዊው ሚካኤል አረጋዊ ክሪሾና ተምሮ በ1870ዎቹ ወደ አገሩ ተመለሰ። የውጭ ሰዎች መግባት በተከለከሉበት ዘመንም በቤተ እስራኤል መካከል የነበረውን ሥራ ለአሥርተ ዓመታት መራ። ላኪው ሞቶ፣ አሠልጣኙ ርቆ፣ የአገሩ ልጅ ቀረ። በኢየሩሳሌምም እንዲሁ ሆነ። መንበሩን ለረጅም ጊዜ የያዙት እንግሊዞች ነበሩ፤ በ1976 ግን ፋኢቅ ሐዳድ የተባሉ ዓረብ የኢየሩሳሌም አንግሊካን ጳጳስ ሆኑ። ከጎባት ሞት እስከዚያ 97 ዓመት ሄዷል። የእኛይቱ ቤተ ክርስቲያንም ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ያገኘችው በ1951 በአቡነ ባስልዮስ ነው። የራስን ሰው ለማብቃት ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ዛሬ የኢትዮጵያ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የበዛባት ጋምቤላ ናት። እዚያ ያስፋፏት በአብዛኛው ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ስደተኞች ናቸው። ቄሶቹ ጥቂት ስለሆኑ በመጠለያ ጣቢያዎቹ ብዙውን ጉባኤ የሚመሩት ክህነት የሌላቸው አንባቢዎች ናቸው፤ የጎባት አንባቢዎች ወንድሞች በሏቸው። እነርሱን የሚያሠለጥን ኮሌጅም ጋምቤላ ላይ ተከፍቷል። ስሙ የቅዱስ ፍሬምናጦስ ኮሌጅ ይባላል። ፍሬምናጦስ ማን ነበር? በልጅነቱ ቀይ ባሕር ዳር ከተያዘ መርከብ ተርፎ፣ ያለ ፈቃዱ አክሱም የገባ እንግዳ ልጅ፤ ኋላ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ጳጳስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን።

እንግዲህ ለዚያ ተማሪ የምመልሰው ይህን ነው። የት እንደምትመደብ እኔ አልነግርህም፤ የሚያውቅም የለም። አባ አብርሃም የት እንደሚነበብ ሳያውቅ ነው አሥር ዓመት የተረጎመው። የጋፋቱ አናጢም መድፍ እሠራለሁ ብሎ አልተማረም። መመደቢያህን ሌላ ሰው ሊይዘው ይችላል፤ በጭንቅላትህና በእጅህ ያስገባኸውን ግን ድንበር ጠባቂም አይፈትሸውም። ማክሰኞ ማታ ክፍል እንገናኝ፤ ደብተርህን አትርሳ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጎባት ከቄስ ይልቅ የእጅ ባለሙያዎችን ወደ ኢትዮጵያ የላከው ለምንድን ነው?
2. አፄ ቴዎድሮስና ጎባት ከባለሙያዎቹ የጠበቁት ነገር በምን ይለያያል? እናንተ ከባለሙያዎቹ አንዱ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?
3. በካርታ ላይ ታጁራን፣ አንኮበርን፣ ጋፋትንና መቅደላን አሳዩ። ጋፋትን ካጣችሁ ደብረ ታቦርን ፈልጉ።